ባለቤቱ የሌለ ድምፅ

ወረኢሉ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሟ ከሁሉ አብልጦ የሚነሣው በ1888 ዓ.ም. በመስከረም ወር በታወጀው የክተት አዋጅ ምክንያት ነው። አፄ ምኒልክ ጠላት ባሕር ተሻግሮ ድንበር አልፎ መግባቱን ለሕዝባቸው ካስታወቁ በኋላ፥ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ ከቶ እንዲጠብቃቸው አዘዙ። ከተማይቱ እርሳቸው ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የቈረቈሯት የጦር ሰፈር ነበረችና ስንቅ ለማከማቸትም ሆነ ከደቡብ የሚመጣውን ሠራዊት ለመቀበል የተመቸች ነበረች።

ማታ ከመዝገብ ቤት ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። በዚያ ጥቅምት እዚህ ከተሰበሰበው ሠራዊት ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ አስቀድሞ በገዛ ጆሮው የሰማው ስንቱ ይሆን? ነጋሪት ተጐሰመ፤ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን በገበያ ተናገረ፤ ገበያተኛው ወደ መንደሩ ወሰደው፤ በመንደር ያለው ደግሞ ማዶ ላለው ተጣራ። ገበሬው በሬውን ፈትቶ፥ ስንቁን በአቅማዳ ቋጥሮ የተነሣው ከአራተኛና ከአምስተኛ አፍ በሰማው ቃል ነው። ይህም ሲሆን ቃሉ የማን እንደ ሆነ አልተጠራጠረም፤ ወረኢሉ በደረሰ ጊዜም የጠራውን ድምፅ ባለቤት በዐይኑ አየ። ድምፁና ባለቤቱ በአንድ ቦታ ተገኙ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ቀን ያደረጉት ክርክር ነው። የክርክሩም ርእስ፥ የሰውን አእምሮ ከነትውስታውና ከነጠባዩ ወደ ኮምፒዩተር አዛውሮ ከሞት በኋላ ማኖር ይቻላልን? የሚል ነበር። በእንግድነት ተጠርቼ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፥ «ይህ መሣሪያ በእምዬ ምኒልክ ዘመን ኖሮ ቢሆን ዛሬም ልናነጋግራቸው እንችል ነበርን?» ብላ ጠየቀች። ጓደኞቿ ሣቁባት። እኔ ግን ነገሩ የሚሣቅበት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ልጅቱ ሳታውቀው የጠየቀችው ነገር በከፊል በዚያው በምኒልክ ዘመን የተሞከረ ነውና።

አስቀድሜ ሊቃውንቱ ስለሚሉት ጥቂት ልናገር። የሰው አንጐል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል፤ እያንዳንዱም ሕዋስ ከሌሎች ከብዙ ሺህ ጋር ይገናኛል። የሐሳቡ ደጋፊዎች ክርክር፥ የሰው ትውስታና ጠባይ የሚገኘው በዚህ ግንኙነት ውስጥ ስለ ሆነ ግንኙነቱ አንድ ሳይቀር ተነድፎ በኮምፒዩተር ላይ ቢሠራ፥ ሥጋው ቢፈርስ እንኳ ሰውየው ይኖራል የሚል ነው። እስከ ዛሬ የተደረሰበት ግን እንዲህ ነው። 302 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ ያሏት የአንዲት ትንሽ ትል ካርታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ታትሞ ወጣ። 139 ሺህ ያህል ሕዋሳት ያሉት የፍሬ ዝንብ ሙሉ አንጐል በ2024 ተነደፈ። በዚያው ዓመት ከሰው አንጐል የተወሰደች፥ ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት የምትበልጥ የአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ቁራጭ ተነድፋ፥ ምስሏ ብቻ 1,400 ቴራ ባይት ያህል ቦታ ያዘ። ካርታዋ ከተነደፈ ብዙ ዘመን ያለፈው ትል እንኳ በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሕያዊቱ ትል ሆና እስከ አሁን አልኖረችም። ስለዚህ የሰውን አእምሮ ማዛወር ገና ተስፋ እንጂ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ያነሰው ጉዳይ፥ ይኸውም አንድ ሰው በሕይወቱ የተናገረውንና የጻፈውን ሰብስቦ በዚያው ሰው ድምፅ የሚመልስ መሣሪያ መሥራት፥ ዛሬ የሚደረግ ነገር ነው። እኔም የምናገረው ስለዚህ ስለሚደረገው ነው።

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍ የተባለውን መሣሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 በሠራ ጊዜ፥ የሰው ንግግር ከእንግዲህ ወዲህ የማይሞት ሆነ ተብሎ በጋዜጣ ተጽፎ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ቈይቶ በ1898 በነሐሴ ወር፥ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሚልኩትን ሰላምታ በዚሁ መሣሪያ ፊት ተናገሩ። ድምፃቸው ከሰም በተሠራ ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ ባሕርና በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ቃሉ አጭር ነው፤ ለመልእክተኞቻቸው ስለ ተደረገው መልካም አቀባበል ያመሰግናሉ፥ ጤናና ብልጽግና ይመኛሉ፥ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት እንዲጸና ያላቸውን ተስፋ ይገልጻሉ። እንዲህ ያለውን ቃል ማንኛውም የቤተ መንግሥት ጸሓፊ በወረቀት ሊጽፈው ይችል ነበር።

ንግሥቲቱ ግን አንድ ብርቱ ትእዛዝ አክለው ነበር፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሙት በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ነው። እንደ ትእዛዛቸውም ተፈጸመ። ምስላቸው በገንዘብና በቴምብር ላይ ታትሞ ዓለሙን ሲዞር ያልከለከሉ ንግሥት፥ ድምፃቸው በሰው እጅ እንዲቀር አልፈቀዱም። ምስል ዝም ይላል፤ ድምፅ ግን ሲሊንደሩን የያዘው ሰው ባሰኘው ጊዜ፥ ባሰኘው ቦታ፥ በወደደው ሰው ፊት ይናገራል፤ ተናጋሪው ግን ማን እየሰማው እንደ ሆነ አያውቅም። ንግሥቲቱ ይህን ልዩነት ከእኛ አስቀድመው የተረዱት ይመስለኛል።

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 እነርሱም ድምፃቸውን አስቀርጸው መልስ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ የንግሥቲቱን ድምፅ በአጠገባቸው ያሉ ያህል ሆኖ በደስታ መስማታቸውን ይናገራሉ፤ አፄ ዮሐንስ የሞቱባትን የመተማንም ጉዳይ ያነሣሉ። የእነርሱ ሲሊንደር አልጠፋም። በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ቈይቶ ዛሬ የወደደ ሁሉ ሊሰማው ይችላል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሰሙ ስለሚያንሿሿ ቃሉ እየተቈራረጠ ይመጣል። በመጀመሪያ ስሰማው ልቤ ስለ ተነካ ምን እንደሚል እንኳ አላስተዋልሁም፤ ሁለተኛ ስሰማው ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ወረኢሉ ላይ የሰበሰበው አዋጅ የቀረልን በጽሑፍ ነው። በድምፅ የቀረልን ለሩቅ አገር ንግሥት የተላከ የአክብሮት ሰላምታ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ከዚህ ሰም ላይ የምኒልክን ድምፅ ወስዶ የሚናገር መሣሪያ ቢሠራና ያቺ ተማሪ ስለ ዐድዋ ብትጠይቀው፥ በምኒልክ ድምፅ የምትሰማው መልስ የመሣሪያው ሠሪ የሚያስበው ምኒልክ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚህ ጥቂት ዓመት ቈይቶ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን አስቀረጹ፤ ሕዝባችንም ያን ድምፅ የሚይዘውን ክብ ነገር ሸክላ ብሎ ጠራው። ሲወድቅ እንደ ገንቦና እንደ እንስራ ስለሚሰበር ይሆናል። የማይሞት ከሚለው የጋዜጣ ቃል ይልቅ ይህ ስም እውነት ይበዛበታል።

እስከዚህ ያየነው ባለቤቱ ከሄደ በኋላ የቀረ ድምፅ ነው። ባለቤቱ ሳይሄድ ድምፁ የሄደበት ዘመን ግን ከዚህ ይልቅ ለአገራችን ከባድ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ፥ ልጅ ኢያሱን፥ አልጋ ወራሽ አድርገው ሰየሙ። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጸናባቸው ሕመም ሰውነታቸውንና አንደበታቸውን ያዘው። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበራት፤ ሕዝቡ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ቃል አይሰማም ነበር። መንግሥቱ በስማቸው ይሠራ ነበር። በስማቸው የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ግን በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን ይዘው ቈይተው በ1902 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ተደረገ፤ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ከዚያም ልጅ ኢያሱ ራሳቸው አገሩን ያስተዳድሩ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ ባረፉ ጊዜ ደግሞ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ቈየ። ለዐድዋው ንጉሥ ሕዝባቸው በአደባባይ ተሰብስቦ እንደ ወጉ አላለቀሰላቸውም።

ለወሎ ሰው ይህ የሩቅ ቤተ መንግሥት ወሬ አይደለም። የልጅ ኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ዘውድ ደፍተው ንጉሥ ተባሉ። በ1909 ዓ.ም. በመስከረም ወር ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው በታወጀ ጊዜ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በተደረገው ብርቱ ውጊያ ድል ሆነው ተማረኩ። በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ሠራዊቱ በአንድ ንጉሥ ድምፅ ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ፤ ዐድዋ ላይም የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ከሸዋ ሰው ጋር አብሮ ተዋጋ። በሃያ አንደኛው ዓመት፥ በዚያው በጥቅምት ወር፥ ሸዋና ወሎ እርስ በርሳቸው ተላለቁ። የዚህ ጦርነት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሃይማኖት ክስ አለበት፥ የውጭ መንግሥታት እጅ አለበት፥ የመኳንንቱም ፉክክር አለበት። እኔ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ባለቤቱ የማይናገርበትን ስም ብዙ ዓመት ይዞ መቈየት ይመስለኛል። ንጉሥ ሞቶ ሲለቀስለትና ሌላው ሲነግሥ ጠብ ቢኖር እንኳ ጠቡ በፀሐይ ይሆናል። ሞቱ ሲሸሸግ ግን እያንዳንዱ መኰንን የሟቹን ቃል ለየራሱ ይዞ ይቀመጣል።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ መናገር የተሳነው ሕመምተኛና የሚናገር መሣሪያ አንድ አይደሉም ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንድ አይደሉም። የሚናገረው ግን ይብሳል። ዝም ባለ ንጉሥ ዙሪያ ያሉ ሰዎች «ንጉሡ እንዲህ ብለዋል» ለማለት በገዛ አፋቸው መናገር ነበረባቸው፤ ሰሚውም ተናጋሪውን አይቶ ሊጠራጠር ይችላል። መሣሪያው በንጉሡ በራሱ ድምፅ ሲናገር ማን ይጠራጠረዋል? በዚሁ በወሎ ምድር፥ ውጫሌ ላይ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፥ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ መገኘቱን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ የቃሉ ባለቤት በሕይወት ነበሩና ቃሌ ይህ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ በኋላም ውሉን አፈረሱት፤ ክርክሩም ዐድዋ ላይ አለቀ። ባለቤቱ ሞቶ ድምፁ ብቻ በሌላ እጅ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፥ «ይህን አላልሁም» የሚል ከየት ይመጣ ነበር?

ይህን ስል መሣሪያውን የምጠላ አይምሰልህ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮ ፊልም የማንሣት ሥራ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ በእኛው በወሎ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተነሡም ይገኙባቸዋል። ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ አገር ሚኒሶታ ተቀምጠው እስከ እርጅናቸው ድረስ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ደክመዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ያዘጋጁት ሥራ ለተመራማሪ ሁሉ ቀርቷል። የቅኔ መምህር ሲሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበረው ቅኔ እንዲህ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ እያልሁ የማዝንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ማይክሮ ፊልሙ መጽሐፉን አኖርሁ ይላል እንጂ ጸሓፊውን አኖርሁ አይልም። እኔ የምከራከረው በዚህ ነው።

የአገራችን ወጣቶችም ከዚህ ሥራ ሩቅ አይደሉም። በአዲስ አበባ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት ሶፊያ የተባለችውን ሮቦት በማሰናዳት ሥራ ተካፍሏል። ሶፊያ በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዐቢይ አሕመድን አግኝታለች። በመንገድ ላይ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ ጠፍቶባት ነበርና፥ ሻንጣ ለሚጠፋብን ለእኛ ለሥጋ ለባሾች ጥቂት መጽናኛ ሆኖናል። ሶፊያን የሠራው ሃንሰን ሮቦቲክስ የተባለው ድርጅት ከዚያ አስቀድሞ በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር ቢና 48 የተባለች ሌላ ሮቦት ሠርቶ ነበር፤ ይህቺኛዋ ቢና ሮትብላት የተባለችው አሜሪካዊት ስለ ራሷ ብዙ ሰዓት ተናግራ ባስቀረጸችው ቃል ላይ የተመሠረተች ናት። የሶፊያን ንግግር ሰው እንደ ጨዋታ ይሰማዋል፤ ሶፊያ ከማንም የወረሰችው ስም የላትምና። ቢና 48 ስትናገር ግን ንግግሩ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የቀረበ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ከብዙ ዓመት በፊት፥ ስለዚህ መሣሪያ ወሬ ከመስማቴ አስቀድሞ፥ በሌላ ወረዳ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት ሳለሁ አግኝቶኛል።

አንዲት የገጠር እናት ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። አባታቸው ከሞቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መሬቱን የሚያርሰው ወንድማቸው ግብሩን በየዓመቱ በአባቱ ስም ይከፍላል፤ ደረሰኙም በአባቱ ስም ይቈረጣል፤ መሞታቸውን ለመሥሪያ ቤቱ የነገረ የለም። ሴትዮዋ ድርሻቸውን በጠየቁ ጊዜ ወንድማቸው «መሬቱ የአባታችን ነው፤ አባታችን ያዘዘኝን እሠራለሁ» ይላቸዋል። መዝገቡን አውጥቼ አየሁ። ሰውየው በመዝገቡ ላይ ሕያው ናቸው፤ ያለፈውን ዓመት ግብር እንኳ ሳያጓድሉ ከፍለዋል።

ወጣት ነበርሁና መዝገቡን አምኜ እንዲህ አልኋቸው፤ «እናቴ፥ በመዝገቡ አባትዎ በሕይወት አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ አይወረስም።»

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያም፥ «እንግዲያማ ያሉበትን ንገረኝ ልጄ፤ ናፍቀውኛል» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም አስረዳኋቸው። ወደ መንደራቸው ተመልሰው፥ አባታቸውን የቀበሩትን የቅሬ ሰዎች ለምስክርነት ጠርተው፥ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው እስኪመለሱ ድረስ አራት ወር ያህል ፈጀ። ወንድማቸውም በመጨረሻው ቀን አብሯቸው መጥቶ ነበር፤ ቀና ብሎ ግን አላየም። ከአባትየው ስም ትይዩ «ሟች» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁና ቀኑን አኖርሁበት። ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ሲወጡ ከደጃፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለአባታቸው አለቀሱ፤ ጥቂት ቈይቶ ወንድማቸውም አብሯቸው አለቀሰ።